ስለ ልብ ምት መሣሪያና ስለ አረጋውያን ወላጆቻችን ኑዛዜ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክርስቲያን ቤቶች ውስጥ አንድ ትንሽ መሣሪያ ገብቶ ከአረጋውያን ጋራ መኖር ጀምሯል። ክብደቱ ከ20 እስከ 50 ግራም ቢሆን ነው፤ ከትከሻ በታች ከደረት ቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ከርሱም ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥር ውስጥ አልፈው እስከ ልብ ይደርሳሉ። ሐኪሞች ፔስሜከር ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የልብ ምት መሣሪያ እንለዋለን። ዕድሜያቸው 70 ወይም 80 ዓመት ያለፈ አባቶችና እናቶች፥ አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ፥ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት በአሜሪካና በአውሮጳ፥ ይህን መሣሪያ አስገብተው በሰላም ይኖራሉ፤ ኪዳን ያደርሳሉ፥ ያስቀድሳሉ፥ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ለማየትም ይበቃሉ።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ሐኪሙ ለቤተ ሰቡ ያስረዳል፤ የቀጠሮውንም ወረቀት ይሰጣል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ በቤቱ ሁሉ ልብ ውስጥ እያለ ከማንም አፍ ሳይወጣ ይቀራል፤ ይኸውም፥ አባታችን ወይም እናታችን ከዚህ ዓለም የሚለዩበት ጊዜ ሲደርስ ይህ መሣሪያ ምን ያደርጋል? እኛስ ልጆቻቸው ምን ማድረግ ይገባናል? የሚለው ነው። ልጆች ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ዝም ይላሉ። ዝምታው እስከ መጨረሻው ቀን ይዘልቅና ጥያቄው በሆስፒታል ደጃፍ ላይ፥ በሌሊት፥ እንቅልፍ ባጡ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ድንገት ይነሣል። ያን ጊዜ ግን የሚመልሰው ሰው፥ ማለት ሕሙሙ ራሱ፥ መናገር አይችልም። ስለዚህ ነገሩ በደኅናው ቀን በቤት ውስጥ ሊነገር የሚገባው ነው ብለን ይህን ጽፈናል።

አስቀድመን የመሣሪያውን ሥራ እንመልከት። የጤነኛ ሰው ልብ ሰውየው ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በአንድ ቀንና ሌሊት ቢቈጠር ወደ 100,000 ይጠጋል። ይህን ምት የምታስጀምረው በልብ የቀኝ ላይኛ ክፍል ውስጥ ያለች ትንሽ ቍራጭ ሥጋ ናት። ከርሷ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ በመካከል ባለ መተላለፊያ አልፎ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርዳል፤ እነርሱም ተኰማትረው ደሙን ወደ ሰውነት ይረጩታል። ነገሩ ማኅሌት ይመስላል። ከበሮ መቺው ምቱን ይሰጣል፤ መዘምራኑም በመቋሚያና በጸናጽል እየተከተሉ ያሸበሽባሉ። በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት መተላለፊያው የተጐዳ እንደ ሆነ ትእዛዙ ይዘገያል፥ ወይም ጨርሶ ይቋረጣል፤ ምቱም ወደ 40፥ ወደ 30 ይወርዳል። ያን ጊዜ ሰውየው ይደክመዋል፥ ራሱን ያዞረዋል፥ ቆሞ ሳለ ድንገት ይወድቃል። መሣሪያው ልብን ነጋ ጠባ ሲያዳምጥ ይኖራል፤ ልብ በራሱ ሲመታ ዝም ይላል፥ ሲዘገይ ግን በሽቦው በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ ያስመታዋል።

እንዲህ ያለው መውደቅ በብዙ ቤት የሚጥል በሽታ፥ ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ ተብሎ ዓመታት ያልፉበታል። ወደ ጸበል መሄዱ መልካም ነው፤ ማንም አይከለክልም። አስተዋይ የጸበል አባቶች ግን የወደቀውን አረጋዊ የእጅ ትርታ ይዘው ሲዘገይባቸው፥ «ልጆች ሆይ፥ ጸበሉንም አስጠምቁ፥ ሐኪምም አሳዩ» ሲሉ ሰምተናል። ነቢዩ ኢሳይያስም ለታመመው ንጉሥ ለሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን ቃል ካደረሰ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዝዟል። ጸሎቱ መድኃኒቱን አልከለከለም፥ መድኃኒቱም ጸሎቱን አላስቀረም።

ሙሉ በሙሉ በሰው ሥጋ ውስጥ የተቀበረው የመጀመሪያው የልብ ምት መሣሪያ የገባው በስዊድን አገር፥ በስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው በካሮሊንስካ ሆስፒታል መስከረም 28 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። ሕሙሙ አርነ ላርሶን የሚባል የ43 ዓመት ሰው ነበረ፤ ልቡ በየቀኑ እየደጋገመ እየቆመ ራሱን ይስት ነበርና ሐኪሞች ተስፋ ቈርጠውለት ነበር። ሚስቱ ኤልሰ ማሪ ግን ቀዶ ሐኪሙን ኦከ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትን ደጅ ከመጥናት አልቦዘነችም። መሐንዲሱም ሥራውን በሙጫ አሽጎ፥ ለቅርጽ ማውጫ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ተጠቅሞ፥ መሣሪያውን ሠራ። የመጀመሪያው መሣሪያ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ቆመ፤ ሌላ ተተካ። የሚስቱ ደጅ ጥናት ግን ከንቱ አልሆነም፤ ላርሶን ከዚያ በኋላ 43 ዓመት ኖረ። በዚህ ዘመን ውስጥ በጠቅላላው 26 መሣሪያ ተለዋወጠለት። ታኅሣሥ 19 ቀን 1994 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ ሲያርፍ፥ ያዳኑት ቀዶ ሐኪምና መሐንዲስ ሁለቱም ቀድመውት ሞተው ነበር። እርሱም የሞተው በካንሰር ነው፤ ልቡ እስከ መጨረሻው ይመታ ነበር።

ይህን ታሪክ ያመጣነው የሰውን ጥበብ ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ በመጨረሻው ቃል ውስጥ የጽሑፋችን ጕዳይ ስላለ ነው። መሣሪያው አንድ የሞት በር ይዘጋል፤ ሌሎቹን በሮች አይነካም። ምት ይሰጣል እንጂ የተደፈነ የደም ሥር አይከፍትም፤ ኵላሊት አያድስም፥ ካንሰር አያቆምም፥ የጠፋ ማስታወስንም አይመልስም። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ባትሪያቸው ቶሎ ያልቅ ነበር፤ የሊቲየም ባትሪ በ1960ዎቹ ከመጣ በኋላ ግን ዕድሜያቸው ረዝሟል። ዛሬ እንደ ዐይነቱና እንደ አሠራሩ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያህል ይቈያል። ሲያልቅም አካባቢውን ብቻ አደንዝዘው ቆዳውን ከፍተው መሣሪያውን ይለውጣሉ፤ ሽቦው ደኅና ከሆነ በቦታው ይቀራል። የ75 ዓመት አባት መሣሪያ ሲያስገቡ፥ የሚለወጥበት ጊዜ በ85 ዓመታቸው ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በምን ዐይነት ጤና ይሆኑ ይሆን? ይህን ስሌት በመጀመሪያው ቀን የሚያሰላ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው።

በአረጋውያን ዘንድ ሁለት ዐይነት ግምት እናገኛለን። አንዳንዶች መሣሪያው ከገባላቸው በኋላ ሞትን እንደ ረታ ሰው ይሆናሉ፤ መድኃኒታቸውን ይተዋሉ፥ ቀጠሮ ይረሳሉ። ሌሎች ደግሞ፥ እነዚህ ይበዛሉ፥ በልባቸው አንድ ፍርሃት ይዘው ይኖራሉ። ከነርሱ አንዱ፥ በድጓ ያረጁ አባት፥ ሊጠይቁ ለመጡ ካህን ቀስ ብለው፥ «አባቴ፥ ይህ ነገር በደረቴ እየመታ ነፍሴ እንዴት ትወጣለች? በጣዕር እንዳልቈይ እፈራለሁ» አሏቸው። ልጆቻቸው ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ፍርሃት አያውቁም ነበር።

ለዚህ ፍርሃት የሐኪሞች መልስ የሚያጽናና ነው። ሰው በሕመም ደክሞ ወደ ሞት ሲቀርብ የልብ ሥጋ የሚያስፈልገውን አየርና ምግብ ያጣል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ትእዛዝ ቢልክም ሥጋው አይመልስለትም። መዘምራኑ ወጥተው ከሄዱ በኋላ ከበሮ ብቻውን ቢመታ ማኅሌት አይቆምም። መሣሪያው ሰው ከሞተ በኋላም ለጊዜው ትእዛዝ መላኩን ይቀጥላል፤ በሆስፒታል ባለው መስተዋት ላይም ምልክቱ ሊታይ ይችላል። ይህን የማያውቁ ልጆች «አባታችን ገና አልሞቱም» ብለው ሲጮኹ፥ ሐኪሙንም ሲጠረጥሩ ይገኛሉ፤ አስቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ በዚያች ሰዓት ጸሎት ያደርሱ ነበር። እንግዲህ መሣሪያው ነፍስን አስሮ አያቈይም፤ የአብዛኞቹም ሞት እንደ ሌላው ሰው ሞት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያልቅም። የልባቸው ምት መዘግየት ሊወስዳቸው ይችል የነበሩ አንዳንድ ሽማግሌዎች መሣሪያው ያን በር ስለ ዘጋባቸው በሌላ፥ በረጅምና በአድካሚ መንገድ ይሄዳሉ። ኬቲ በትለር የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ የአባቷን ነገር በ2002 ዓ.ም. በጋዜጣ፥ በኋላም በመጽሐፍ ገልጣለች። አባቷ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ በ1994 ዓ.ም. በአንጎላቸው ላይ በደረሰ የደም መዘጋት ብዙ ነገር ተሳናቸው። በ1995 ዓ.ም. ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው፥ ልባቸው ዘገምተኛ ነውና አስቀድሞ የልብ ምት መሣሪያ ይግባላቸው ተባለ፤ ገባላቸውም። ልባቸው ጸና፤ አእምሯቸው ግን እየጠፋ ሄደ። ባለቤታቸው ዓመታት ሙሉ ሌሊትና ቀን ሲያስታምሙ ራሳቸው ደከሙ፤ መሣሪያው እንዲጠፋ ሐኪሙን ቢለምኑ ሐኪሙ አልፈቀደም። መምህሩም በ2000 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ዐረፉ፤ መሣሪያው በደረታቸው ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚህ ታሪክ ላይ አንባቢ የፈለገውን ይፍረድ፤ እኛን ያሳዘነን ግን የመጀመሪያው ውሳኔ በችኰላ መደረጉ ነው። መሣሪያው ሲገባ ስለ ቀሪው ዘመን ከማንም ጋራ ረጋ ያለ ንግግር አልነበረም።

ሌላም ሊለይ የሚገባው ነገር አለ። ዲፊብሪሌተር የሚባል፥ በመልኩ የልብ ምት መሣሪያን የሚመስል ከርሱ ግን ከፍ የሚል ሌላ መሣሪያ አለ፤ ሥራውም ልብ በአደገኛ ሁኔታ ሲርገበገብ ኀይለኛ የኤሌክትሪክ ምት መትቶ ማስተካከል ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ይህ ኀይለኛ ምት ለሚነቃው ሰው ሕይወት ነው፤ ለሚያጣጥር ሰው ግን ደረቱን በበቅሎ እንደ መረገጥ ያለ ሕመም ያስከትላል፥ አንዳንድ ጊዜም ይደጋገማል። ሐኪሙ ይህን የምት ክፍል ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና ከውጭ ሊያጠፋው ይችላል፤ በቸኰለ ጊዜም ማግኔት በላዩ ቢያኖሩ ምቱ ለጊዜው ይታገዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በወላጁ ደረት ውስጥ ያለው የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን ሳይጠይቁ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው።

ስለ ንጉሥ ሕዝቅያስ ጀምረን ነበርና እንጨርሰው። ንጉሡ ለሞት ታሞ ሳለ ቤቱን እንዲያሰናዳ ተነገረው፤ አልቅሶ ቢጸልይ 15 ዓመት ተጨመረለት። ስብከት በዚህ ላይ ያቆማል፤ ንባቡ ግን ይቀጥላል። በተጨመሩለት ዓመታት ውስጥ ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ለባቢሎን መልእክተኞች አሳየ፤ በነቢዩም ተገሠጸ። ልጁ ምናሴ በነገሠ ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረና፥ ሲቈጠር የተወለደው በነዚያው በተጨመሩት ዓመታት ነው፤ ምናሴም በኢየሩሳሌም ላይ ያደረገው ይታወቃል፥ ኋላ ንስሐ ቢገባም። የተጨመረ ዕድሜ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ስጦታውን የተቀበለ ሰው ግን ቤቱን አሰናዳ የተባለው ትእዛዝ አልቀረለትም። ደረቱ ላይ መሣሪያ የተቀበረለት አረጋዊ ከሕዝቅያስ ጋራ በአንድ መዝገብ የተጻፈ ይመስለናል።

እንግዲህ ምን ዐይነት ውሳኔ ሊመጣ ይችላል? በጣም የተለመደው የባትሪው ነገር ነው። እናቲቱ ከአልጋ መነሣት ከተሳናቸው፥ ልጆቻቸውን መለየት ከተውና ሌላም የማይድን ሕመም ከጸናባቸው በኋላ ባትሪው ሊያልቅ ቢቀርብ፥ እንደገና ቆዳ ከፍቶ መለወጥ ይገባልን? በእኛ አስተያየት ይህ ነፍስ ማጥፋት ተብሎ ሊፈራ አይገባም፤ አዲስ ሕክምና አለመጀመር ነውና። ሆኖም ባትሪው ሲያልቅ የልቡ ሥራ ሁሉ በመሣሪያው ላይ የተመሠረተ ሰው ድካምና ራስ መሳት ሊደርስበት ስለሚችል፥ ለዚያ ማስታገሻው ከሐኪሙ ጋራ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሐኪሙን፥ «እናታችን ያለ መሣሪያው በራሳቸው ምት ይኖራሉን?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል።

እየሠራ ያለውን የልብ ምት መሣሪያ ማጥፋት ከዚህ ይከብዳል። የአሜሪካ የልብ ምት ሐኪሞች ማኅበር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ሕሙሙ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ቢጠይቅ መሣሪያውን ማጥፋት እንደ መግደል አይቈጠርም ብሏል፤ ሕሊናው ያልፈቀደለት ሐኪምም ሥራውን ለሌላ ሐኪም ሊተው እንደሚችል ተናግሯል። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ20ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ግን ለክርስቲያን ሕሊና ወዲያው ቀላል አይሆንም። እኛ እንደምናስበው፥ ልቡ ያለ መሣሪያው ጨርሶ የማይመታ ሰው እያለ መሣሪያውን ማጥፋት ለልጆች ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ የንስሐ አባት ያልገባበት፥ ሕሙሙም በአእምሮው ሳለ ያልተናገረበት ከሆነ፥ መሣሪያውን እንዳለ መተው ይሻላል። ከላይ እንዳልነው የሚያጣጥረውን ሰው ሞት አይከለክልምና። የሚያጣጥር ሰው የዲፊብሪሌተሩ ምት እንዲጠፋለት ማድረግ ግን ያለ ጥርጥር የርኅራኄ ሥራ ነው፤ በዚህ የሚያመነታ ልጅ እንዲኖር አንፈልግም።

ከመሣሪያው የሚከብደው በቤተ ሰቡ መካከል ያለው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋራ ኖራ ታስታምማለች፤ ሌሊት ታገላብጣለች፥ ታጥባለች፥ ታጐርሳለች። ሌላው ልጅ በውጭ አገር ሆኖ ገንዘብ ይልካል፤ በስልክም፥ «ምንም ነገር እንዳይቀር፥ ገንዘብ እኔ እከፍላለሁ፥ ባትሪው ይለወጥ፥ ወደ ሕንድም ትሂድ» ይላል። ይህ ልጅ ክፉ አይደለም፤ እናቱን በሽበት አላያትም፤ እርሱ የሚያውቃት በቦሌ የሸኘችውን ቀይ ጠንካራ ሴት ነው። ገንዘቡም የናፍቆቱ መገለጫ ነው። ነገር ግን የእናቲቱን ገላ በየቀኑ የሚነካው እጅ የሚያውቀውን ስልክ አያውቀውም። በውጭ ያለው ልጅ ከመፍረዱ በፊት ቢችል መጥቶ አንድ ሳምንት ይደር፤ ባይችል አስታማሚዋን እኅቱን ደውሎ፥ «እማዬ ሌሊት እንዴት ታድራለች?» ብሎ ይጠይቃትና ሳያቋርጥ ይስማት። አስታማሚዋም ደክማ በተናገረችው ቃል፥ «ሞቷን ፈለገች» ተብላ በዘመድ መካከል ስሟ እንዳይነሣ እንጠንቀቅ፤ እንዲህ ተብለው እስከ ተዝካሩ ቀን ድረስ ከወንድሞቻቸው ጋራ ያልተነጋገሩ ሴቶች አሉ።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከሕሙሙ የሚወጣ ቃል ስለሚታጣ ነው። በባህላችን ሕሙምን ማስደንገጥ ነውር ነው፤ ክፉ ወሬ ይሸሸጋል፥ ሐኪሙም ለልጆች በስተ ውጭ ይነግራል። ልማዱ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንንቀውም። ነገር ግን አባቶቻችን ሞትን በመሸሸግ አልታወቁም። ያዕቆብ በግብፅ ሳለ ልጆቹን ሰብስቦ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ መርቋል፤ የሚቀበርበትንም ስፍራ ለይቶ ነግሯቸዋል። በአገራችንም ሽማግሌ ሲደክመው የንስሐ አባቱንና ጎረቤቶቹን ጠርቶ ይናዘዝ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜ ሰፊ ትምህርት አለው። ርስቱን፥ ከብቱን፥ ዕዳውን፥ የጋሻና የጠመንጃውን ወራሽ፥ የሚቀበርበትን ደብር ሁሉ ይናገራል፤ ማንም «ሟርት ተናገሩ» አይለውም። ዛሬ በአሜሪካ በ1983 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት ሆስፒታሎች የሚገባውን ሕሙም ስለ ሕክምናው ፈቃዱን በጽሑፍ ያኖረ እንደ ሆነ፥ ወኪልም እንደ ሰየመ ይጠይቁታል። በዚያ የሚኖሩ ልጆቻችን ይህን ወረቀት ሲያዩ እንግዳ ነገር መስሏቸው ይደነግጣሉ፤ የአያታቸው ኑዛዜ ታናሽ ወንድም መሆኑን ማን በነገራቸው! ድሮ በኑዛዜ ውስጥ የገባው መሬትና ከብት ነበረ፤ አሁን በደረት ውስጥ ያለውም ንብረት ይጨመርበት።

አጠያየቁ ሥርዓት ያለው ይሁን። በበዓል ቀን፥ እንግዳ በሞላበት፥ በመብል ላይ አይጠየቅም። መሣሪያው በሐኪም የሚታይበት ቀን፥ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚሆን ነውና፥ ከዚያ ሲመለሱ ምቹ ጊዜ ነው። ታላቁ ልጅ ወይም ለአባት የሚቀርበው ልጅ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፥ «አባባ፥ ሐኪሙ ባትሪው ገና አራት ዓመት ይቈያል ብሏል፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። ምናልባት ግን ደክመው ሳለ ቢያልቅ ምን እንድናደርግ ይፈቅዳሉ? በቤትዎ መሆን ይሻልዎታል ወይስ በሆስፒታል? ማንስ ይወስንልዎ?» ቢል ምንም ነውር የለበትም። አብዛኞቹ አባቶች እስኪጠየቁ ሲጠብቁ የኖሩ መሆናቸውን እናያለን። «እኔማ በቤቴ፥ ንስሐ አባቴ ሥጋ ወደሙን ካቀበሉኝ በኋላ፥ በሰው ፊት ሳልዋረድ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሌላው ደግሞ፥ «አይ ልጄ፥ የልጅሽን ሠርግ ሳላይማ አልሄድም፤ ባትሪውን ለውጡልኝ» ይላል፤ ይህም ፈቃድ ነው፥ ይከበር። ወኪል ሲሰየም ከልጆች ሁሉ የበለጠ የሚያለቅሰውን ሳይሆን ቃል የሚጠብቀውን መምረጥ ይበጃል።

ንስሐ፥ ቅዱስ ቍርባንና ጸሎተ ቀንዲልም እስከ ጣዕር ቀን አይዘግዩ። ካህንን መጥራት የሞት ምልክት ነው ብለው የሚፈሩ ቤቶች አሉ፤ ቀንዲል ለሕሙማን ፈውስ የሚጸለይ ጸሎት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስለ ዕለት ኑሮ የሚጠይቁን ስላሉ በአጭሩ እንመልስ። መሣሪያው ከገባ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት፥ ሽቦው እስኪጸና፥ በዚያ በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ ማንሣትና ከባድ ነገር መሸከም አይፈቀድም፤ ስግደትም እስኪፈቀድ በአእምሮ ይሁን። ቍስሉ ከዳነ በኋላ ጸበል መጠመቅ አይከለክልም፤ መሣሪያው የታሸገ ነውና ውኃ አይገባበትም። የእጅ ስልክ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ በደረት ኪስ አይቀመጥ። በደብር ቅጥር ውስጥ ባለው ትልቅ የድምፅ ማጕያ ላይ ተደግፎ መቆምም አይገባም፥ ማግኔት አለበትና። የከበሮ ማንገቻ በመሣሪያው ላይ እንዳያርፍ በሌላው ትከሻ ይሁን። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋራ ይመካከር፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙምን አታስጨንቅም። በውጭ አገር መሣሪያ አስገብተው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ወላጆች የመሣሪያውን ካርድ ከመታወቂያቸው ጋራ ይያዙ፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ መሣሪያ የሚነበበው በራሱ ፋብሪካ ማንበቢያ ስለ ሆነ፥ የሠሪውን ስም የማያውቅ ሐኪም ይቸገራል።

ከቀብር በፊት ስላለው ነገርም አንድ ቃል እንጨምር። መሣሪያው በአስከሬን ውስጥ መኖሩ ጸሎተ ፍትሐትን አያስቀርም፤ ቀብርንም አይከለክልም። አስከሬን በሚያቃጥሉ አገሮች ባትሪው በእሳት ስለሚፈነዳ አስቀድሞ ያወጡታል፤ የእኛ ሥርዓት ቀብር ነውና ይህ ግዴታ አይደርስብንም። ነገር ግን ወጥቶ ለሌላ ሊጠቅም ይችላል። በካናዳ የሞንትሪያል የልብ ሐኪሞች ከሟቾች የተወሰዱ መሣሪያዎችን አጽድተው በሜክሲኮ፥ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ፥ በጓቴማላና በሆንዱራስ ለ1,051 ድኾች አስገብተዋል፤ በ2012 ዓ.ም. በታተመው ውጤትም ቍስል መመረዙ አዲስ መሣሪያ ካስገቡት ሕሙማን ብዙም አልተለየም። አዲስ መሣሪያ መግዛት ለማይችል ድኻ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በውጭ አገር ያሉ ቤተ ሰቦች በሚኖሩበት አገር እንዲህ ያለ አሠራር ያለ እንደ ሆነ ሆስፒታሉን መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህም ሟቹ በሕይወት ሳሉ ፈቅደው ከሆነ ነው።

የአንድ አረጋዊ ኑዛዜ ሲጻፍ በምስክርነት ተቀምጠን ነበር። አራት ምስክሮች ነበሩ፤ ጸሐፊውም የንስሐ አባታቸው ባቀረቡት ሰው ሆነ። ቤቱን ለልጃቸው ለታናሺቱ፥ ዳዊታቸውን ለልጅ ልጃቸው ካሉ በኋላ ጥቂት ዐረፉና እጃቸውን ወደ ደረታቸው አነሡ። «ይህ ደግሞ» አሉ፥ «እኔ አእምሮ ካለኝ ባትሪው ይለወጥ። አእምሮ ከሌለኝ አትቅደዱኝ። ስሞት የሚያስፈልገው ሰው ካለ ይውሰደው፤ ከሌለም ከኔው ጋራ ይቀበር።» ጸሐፊው የመሣሪያውን ስም በአማርኛ እንዴት እንደሚጽፍ ጠየቃቸው። «ልብ መቺ በለው» አሉት፤ እርሱም እንዲሁ ጻፈው፥ ምስክሮቹም ፈረሙበት።